እትዬ አስካለ የተቆነጠጡበት በዓል

ዛሬ እዚህ አሜሪካ፣ ፒችትሪ ኮርነርስ ከተማ፣ በምንሠራበት መጋዘን ውስጥ የሥራ ባልደረባዬ እትዬ አስካለ ተቆነጠጡ!

የቆነጠጠቻቸው አብራን የምትሠራው ካትሊን ናት። የአይሪሾቹ የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ነው፤ አረንጓዴ ያልለበሰ ይቆነጠጣል።

እትዬ ዓይናቸው ፈጠጠ። "ኧረ በሁዳዴ አታናግሪኝ!"

ካትሊን ታሪኩን ነገረችን፤ እኔ አስተረጎምኩ። ፓትሪክ በልጅነቱ ተማርኮ አየርላንድ በባርነት ኖረ። አምልጦ አገሩ ቢገባም፣ ወንጌል ይዞ ወደማረኩት ሰዎች ተመለሰ።

"ውይ፣ የኛው አባ ሰላማ በሉኛ! እሳቸውስ ተማርከው መጥተው አይደል ያጠመቁን?" ብለው ካትሊንን አገላብጠው ሳሟት።

ሥራ ጨርሰን ክሎክ አውት ስናደርግ ደግሞ ሱፐርቫይዘራችንን ጠጋ ብለው ቆነጠጡት።

"እትዬ፣ አረንጓዴ ለብሷል እኮ!" አልኳቸው።

"አይቻለሁ። በቅዱስ ቀን ሥራ ስላስገባን ነው።"

እናንተስ ጋ ዛሬ ማን ተቆነጠጠ? መቼም ሳይገባው የተቆነጠጠ የለም።