ከጥዱ ሥር የጠራን ፉጨት

ይሄን ሳወራ አሁንም ሰውነቴን ይወረኛል። ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሸጎሌ በላይ ወዳለው ጫካ ወፍ ፍለጋ ወጣሁ። የምፈልጋት ደረቷ ብርቱካናማ፣ ቅንድቧ ነጭ የሆነች ዘማሪ ወፍ ነበረች። በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቻት አላውቅም። የጫካው ጥበቃ ጋሽ ታደሰ "ብቻህን ትጠፋለህ ልጄ" ብለው አብረውኝ ወጡ።

ጥዱ ጥቅጥቅ ያለበት ቦታ ስንደርስ ከፊታችን የሆነ ሰው አፏጨ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

"አቤት! መጣሁ!" አሉ ጋሽ ታደሰ ጮክ ብለው። ወዲያው ደንግጠው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

"ማነው እሱ?" አልኳቸው።

"ወንድሜ ነው። እዚሁ አብረን ጥበቃ ነበርን። ለምሳ ሲጠራኝ እንዲህ ነበር የሚያፏጨው።" ወደ ጥዱ አፈጠጡ። "ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ!"

ፉጨቱ ተደገመ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ያቺ የምፈልጋት ወፍ ተቀምጣ ጉሮሮዋ ይርገበገባል። ሳቄ አመለጠኝ።

"አይዞዎት ጋሽ ታደሰ! ይቺ ወፍ እኮ የሰማችውን ድምፅ ሁሉ ትቀዳለች። ከወንድምዎ ተምራ ነው።"

እሳቸው እፎይ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ደግሞ ዓይነቷን ላረጋግጥ ብዬ በርቀት ማያ መነጽሬ አየኋት። ደረቷ ላይ የጫጩትነት ዝንጉርጉር ላባዋ ገና አልረገፈም። ከተፈለፈለች ሁለት ወር እንኳን አይሞላትም።