የኤሉማላይ ጸጉር

ኤሉማላይ አልሞተም። ስለዚህ እንደ ሙት ላወድሰው አልገደድም፤ ጉድለቱንም እናገራለሁ። ሠላሳ ዓመት ከጎኑ ተቀምጬ ከበሮ መትቼለታለሁ። መስታወት ካገኘ ሰው ይረሳል፣ ማበጠሪያ ከወሰደ አይመልስም፣ ያለችኝን አንዲት ነጭ ሽርጥ በካውያ አቃጥሎ «ድሮም አርጅታ ነበር» ብሎኛል።

ቀን ቀን ከሮቃው ዛፍ ሥር የመንደራችንን የኮሩቱርን ሰው ልብስ ይተኩሳል። በበዓል ሰሞን ግን በቤተ መቅደሱ ተውኔት ላይ ንግሥት ድራውፓዲ ነው። ሴት ሆነው የሚጫወቱት ሌሎቹ ወንዶች ሰው ሠራሽ ጸጉር ያጠልቃሉ፤ እሱ ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ የራሱን አሳድጓል። ሚስቱ ፓቻይ በየሳምንቱ በኮኮናት ዘይት ታሽለታለች፤ «ባል አገባሁ ብዬ ጣውንት ላይ ወደቅኩ» እያለች።

ጨዋታው አሥራ ስምንት ቀን ይፈጃል። ባሏ በቁማር አስይዞ ያስበላት ንግሥት በጸጉሯ እየተጎተተች ሸንጎ ፊት ትቀርባለች፤ የበደላት ሰው ሳይቀጣ ጸጉሯን ላትቋጥር ትምላለች። በመጨረሻው ቀን ረፋዱ ላይ ከጭቃ የተሠራው ግዙፍ ጠላት ሜዳው ላይ ተዘርሮ ጭኑ ይመታል፣ የጸጉሯ ጫፍ ደም ሆኖ የፈሰሰውን ቀይ ቀለም ይነካል፣ ካህኑ በአበባ ይቋጥርላታል። ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ የቤተ መቅደሱ ባንዲራ ይወርዳል። ባንዲራው ሳይወርድ በመንደሩ ሠርግ አይደገስም።

በየዓመቱ ሲጎተት ስለሚያዩት መሰለኝ፣ ሴቶቹ ምስጢራቸውን ከልብሱ ጋር ያመጡለታል። ወንዶቹ በስሙ ይጠሩታል፤ እነሱ ግን «አካ» ይሉታል፣ ታላቅ እህቴ። የተቀደደ አንገትጌ ወይም ደም የነካው ሸማ እጁ ከገባ፣ ካውያውን አስቀምጦ ከሴትዮዋ ጋር ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ፖሊስ ጣቢያም ይሄዳል። ማንበብ አይችልም። ድምፁ ግን ሦስት መንደር ይሰማል፤ ፖሊሶቹም ቶሎ እንዲሄድላቸው ሲሉ ክሱን ይጽፋሉ። የተደበደበች ሴት ኤሉማላይ ቤት ማደሯ የተለመደ ነው። ፓቻይ ታጉረመርማለች፣ ምንጣፉን ግን ታነጥፋለች።

የመንደሩ ሹምም የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀ መንበርም ሬዲያር ነበር። እሱ ነው ሴቶች ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት መንገድ ላይ አረቄ ቤት የከፈተው። አንድ ቀን ዳናኮዲ የምትባል ጎረቤታችን ልብስ ይዛ መጣች።

«አካ፣ ልጄ ቫሊ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች።»

«ምን ሆና?»

«አረቄ ቤቱ ደጃፍ አንዱ ሰካራም ቀሚሷን ይዞ ጎተታት። እዚያ የነበረው ሁሉ ሳቀ።»

ኤሉማላይ ካውያውን ልብሱ ላይ እንዳሳረፈ ረሳው። የተቃጠለው የሬዲያር ሸሚዝ ነበር፤ ለእሱ እንኳ አላዘንኩም። ሴቶቹን አስከትሎ ሦስት ጊዜ ሬዲያር ዘንድ ሄደ። ሦስቱንም ጊዜ «ይታያል» ተባሉ።

በበዓሉ አሥራ ሰባተኛ ቀን ፓቻይ ጸጉሩን ስታሽ፣ እኔም ሩዛቸውን ስበላ፣ ያሰበውን ነገረን።

«ከዚህ በኋላ ድራውፓዲን አይሰጡህም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ሳትጫወት መኖር ትችላለህ?»

«አልችልም መሰለኝ» አለ። ፓቻይ ተጨማሪ ዘይት አፈሰሰችበት።

በማግሥቱ የጭቃው ጠላት ተመታ። ካህኑ አበባውን ይዞ ቀረበ። ኤሉማላይ አንገቱን አላጎነበሰም።

«ጎንበስ በል እንጂ፣ ፀሐዩ አናቴን በሳው!» አለ ካህኑ።

«የበደለኝ አልተቀጣም።»

«ይኸው ተዘርሮልህ!»

«እሱማ ጭቃ ነው።»

ሰው ሳቀ። ሬዲያር ከጥላው ሥር ብድግ አለ። «አንተ ልብስ ተኳሽ! ጨዋታውን ጨርስና ውረድ!»

«ጌታዬ፣ ልብስ ተኳሹ ቤቱ ነው ያለው። እኔ ድራውፓዲ ነኝ። አረቄ ቤቱ ከልጆቹ መንገድ ካልተነሣ ጸጉሬ አይቋጠርም።»

«የልጄ ሠርግ እኮ ሐሙስ ነው!»

«ዛሬ ገና ሰኞ ነው። ምን አስቸኮለዎት?»

ሬዲያር ወደ እኔ ዞሮ ከበሮውን እንዳቆም በእጁ አሳየኝ። ፈራሁ። እጄን አነሣሁ፣ መልሼ ቀስ ብዬ መምታት ቀጠልኩ። በሕይወቴ የማውቀው ጀግንነቴ ይቺው ናት።

ሴቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ፀሐዩ አናት ላይ ሲደርስ መሀላቸው የተቀመጠችው የሬዲያር ሚስት ተነሣች። «አንተ ሰውዬ፣ በአረቄህ ልጄን ቆሞ ቀር ልታደርጋት ነው?» አለችው። ከዚያ በኋላ ነገሩ አልረዘመም። በርሜሎቹ በሦስት ጋሪ ተጭነው ወንዙን ሲሻገሩ ሁላችንም አየን፤ ኤሉማላይም ያን ጊዜ አንገቱን አጎነበሰ። እንዲያ ያለ እልልታ ከዚያ በፊት አልሰማሁም።

መጠጡ አልቀረም፤ ጠጪዎቹ ወንዝ ይሻገራሉ። ቫሊ ግን ትምህርት ቤት ተመለሰች።

በዓመቱ ኮሚቴው ከሩቅ ከተማ ሌላ ድራውፓዲ ቀጠረ። ለኤሉማላይ እንድነግረው የታዘዝኩት እኔ ነኝ። የካውያው ከሰል አመድ እስኪሆን ድረስ አንዱን ሸሚዝ ደጋግሞ ተኮሰ። ያሳዝን ነበር። ከበዓሉ የሚቀር መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን በየቀኑ እየመጣ ጸጉሩን ጠቅልሎ ከሴቶቹ መሀል ተቀመጠ።

እንግዳው ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጎበዝ ነበር። በመጨረሻው ቀን ካህኑ ጸጉሩን በአበባ ቋጠረለት። እልልታ ግን አልተሰማም። ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን አዙረው ኤሉማላይን ያዩታል። ሰውየው ከጭቃው ላይ ቆሞ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ግራ ቀኝ ይላል፤ አበባው ከጸጉሩ መርገፍ ጀምሯል። እኔም ከበሮዬን አቁሜ ነበር።

ኤሉማላይ ተነሣ። እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ አልጠረገውም። እጁን አፉ ላይ አድርጎ በዚያ ሦስት መንደር በሚሰማ ድምፁ ብቻውን እልል አለ። ከዚያ ሴቶቹ ተቀበሉት፣ ባንዲራውም ወረደ። እሱ ግን እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ ከሰል አቀጣጥሎ ስለመጣ እንዳይጠፋበት ቸኩሎ ሄደ።