የውሃ ፓምፑ ክዳን

ባለፈው ሳምንት አሮጌ አውቶቡሶችን ስለሚያድሱ ጡረተኞች ልዘግብ ወደ አንድ ጋራዥ ሄጄ ነበር፤ በሩን ከፍቼ ስገባ የተቃጠለ አሸዋና የቀለጠ ብረት ሽታ ተቀበለኝ። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ቀኑን ጻፍኩ፤ ሽታው ግን ወደ አባቴ መለሰኝ።

ያደግሁት ኦስሎ ዳርቻ፣ ሮምሶስ በሚባል ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ሳለ ብረት አቅላጭ ነበር፤ መለዋወጫቸው ከገበያ ለጠፋ የጣሊያን የጭነት መኪኖች የሞተር ዕቃ በአሸዋ ፎርማ እያፈሰሰ ይሠራ ነበር። ኦስሎ ላይ ሥራው ጋራዥ ማጽዳት ሆነ፤ ወለል ሲወለውል እንኳ በየሞተሩ አጠገብ ቆም እያለ፣ ስንጥቅ ይኖረው እንደሆነ በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ያዳምጥ ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ሳለ የአንድ አውቶቡስ የውሃ ፓምፕ ክዳን ተሰበረ፤ ክዳኑን ይሠራ የነበረው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቶ ነበር። አባቴ ልሞክረው አለ። የጋራዡ ኃላፊ ኦላቭም፣ ከተሳካለት የጋራዡን የማቅለጫ ክፍል ሥራ እንደሚሰጠው ቃል ገባ። አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። ያን ሰሞን አባቴ ቀጥ ብሎ መራመድ ጀመረ፤ እናቴንም እራት ላይ ሳትጠይቀው ስለ ብረት ያስተምራት ነበር።

ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ መቶ ሳንቲሜትር ሆኖ የፈሰሰው ዘጠና ዘጠኝ ገደማ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ አሸዋው ላይ ታትሞ ፎርማው የሚወጣበት ሞዴል ከዕቃው ተለቅ ማለት አለበት። አዲስ አበባ ሞዴል ሠሪ ስላልነበራቸው፣ በአሮጌው ዕቃ ላይ ወረቀት በሙጫ እየደራረቡ ያሳድጉት ነበር። ለዚህም ክዳን ወረቀቱን እኔና አባቴ ቆርጠን ጨርሰን ነበር።

ኦላቭ ግን እንደ መስታወት የተወለወለ የእንጨት ሞዴል ይዞ መጣ። አባቴ እያገላበጠ አየው።

"እነዚህ ሰዎችማ ሁሉን አስበውበታል" ብሎ ወረቀቱን ወደ ኪሱ መለሰ።

ኦላቭ ወደ እኔ ዘንበል አለ። "ሞዴሉ ልክ በክዳኑ መጠን ነው፤ የመኮማተሪያውን ራሱ ይጨምርበት በይው።"

አባቴን ብረት ይኮማተራል ብዬ ላስተምር? እኔንስ ያስተማረኝ ማን ሆነና! አፈርኩ።

"ምን አለሽ፣ ሰኒ?" አለኝ አባቴ።

"በርታ ነው ያለህ፣ አባዬ።"

"ያ፣ ያ!" አለው ለኦላቭ፤ ከኖርዌጂያን የሚችለው ይህን፣ ‘አዎ’ ማለትን፣ ብቻ ነበር።

በማግስቱ አሸዋው ተፈረካክሶ ክዳኑ ወጣ። አንዲት ቀዳዳ የለችበትም፤ ያማረ ሥራ ነበር። ቦታው ሲገባ ግን አንሶ ዙሪያውን ክፍተት ተወ። ትልቅ ቢሆን ይሞረዳል፤ ያነሰ ብረት ምንም አይደረግም። አባቴ ደጋግሞ ለካው።

"ነግረሽው ነበር?" አለኝ ኦላቭ።

"ያ" አልኩት።

ኦላቭ ራሱን ነቅንቆ መፍቻውን አስቀመጠ። አልተቆጣም። ሁለተኛ ሙከራም አልነበረም፤ ክዳኑን ሌላ አገር አሠሩት።

አባቴ እስከ ጡረታው ያንኑ ወለል ወለወለ። ኖርዌጂያን ደህና አድርጎ ከለመደ በኋላም ስለ ሞዴሉ ኦላቭን አልጠየቀውም፤ እጄ ረስቷል ብሎ ደመደመ። እኔ ዘጋቢ ሆኜ፣ የማላውቀው ሰው የተናገረውን ቃል በቃል ሳጣራ ዓመታት አለፉ። አሁን አባቴም ኦላቭም የሉም። ያቺን የኦላቭን አንዲት ዓረፍተ ነገር ዛሬ በትክክል ተርጉሜያታለሁ፤ የምነግረው ሰው ግን የለም።