አባቴ ወሰን የመሩ ዕለት

የአባቴን ትዕግሥት ሰው ሲያወድስ ደሜ ይፈላል። ዛሬ እኔም ሸምግዬ፣ ጎንደር ከተማ ልጄ ቤት ተቀምጬ፣ «አባትህ እንዴት ያሉ ሸጋ ሰው ነበሩ፤ አንተ ምነው እንዲህ ትቆጣለህ?» የሚለኝ ያገሬ ሰው አይጠፋም።

ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመት ነው። ወገራ ውስጥ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲህ፣ ወንዝ ዳር አንዲት የባቄላ ማሳ ነበረችን። ሚስት ታጭታልኝ ስለነበር ጎጆ መውጫ ትሁንህ ተብላ ለእኔ ተሰጠች። ሌላ መሬት አልነበረኝም። ጎረቤታችን ግን በየዓመቱ ሲያርስ አንዳንድ ትልም ወደ እኛ ይገፋል፤ የወሰኑንም ድንጋይ አብሮ ያስጠጋል። ዐይን ያወጣ ሌብነት ነው። ሮጬ ሄጄ ለአባቴ ስናገር፣ «ይሁን ልጄ፤ አፈር የማይበላው ሰው የለም» ይሉኛል። መጥተው ይዩት ስላቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አንድ ቀን ብግን ብዬ፣ «ይሄ ትዕግሥት አይደለም፤ ፍርሃት ነው» አልኋቸው ፊት ለፊት። ዱላቸውን መዳበስ ያዙ።

በሦስተኛው ዓመት አልቻልሁም። ሳላማክራቸው ሽማግሌ ሰበሰብሁ። ጎረቤታችን ሲጠየቅ፣ «እኔ ምስክር አልቆጥርም። አባቱ ራሳቸው ወሰኑን ይምሩን፤ እሳቸው በረገጡት እስማማለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው፤ እኔማ ከሁሉም በላይ። ባገራችን ወሰን የሚመራ ሰው ካህን ፊት በእውነት እንዲመራ ተገዝቶ ይሄዳል፤ እስኪጨርስ የሚያናግረው የለም፣ የሚነካውም የለም። የረገጠው ወሰን ሆኖ ይቀራል። አባቴ ግን እምቢ አሉ። ደግሞ ያ ትዕግሥታቸው መጣ ብዬ አበድሁ። «እምቢ ካሉማ ለሌባው መሰከሩለት ማለት ነው» ብዬ እጃቸውን ይዤ እየጎተትሁ ማሳው ድረስ ወሰድኋቸው።

ቄሱ ገዘቱ። አባቴ መስቀል ተሳልመው፣ ዱላቸውን እያስቀደሙ ተነሡ። ጥቂት እርምጃ ቀጥ ብለው ሄዱ። ከዚያ ወደ እኛ ማሳ ታጠፉ፤ ያን ያማረ ባቄላ እየረገጡ መሐል ለመሐል ሰነጠቁት። ጋቢዬን ነክሼ ቆምሁ። ብናገር ግዝት አፍራሹ እኔ ነኝ። ጎረቤታችን ቀና ብሎ አላየም፤ መሬት መሬት ያያል። ያውቅ ነበር እላለሁ እስከ ዛሬ፤ ያ ውሻ ያውቅ ነበር። አባቴ የወንዙ ድምፅ ሲቀርባቸው ቆሙና «ይኸው» አሉ። ድንጋዩ በረገጡት መስመር ላይ ተተከለ። በተረፈችው ቁራጭ ጎጆ አይወጣም፤ እጮኛዬም ውላ ሳታድር ለሌላ ተዳረች።

ያን ዕለት ቤት ስንገባ ያልወጣኝ ክፉ ቃል የለም። ተናግሬ ተናግሬ እስኪደክመኝ ጠበቁኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ምድጃው መልሰው፣

«ማሳውን አላየሁትም። ዐይኔን ሞራ ከጋረደው ሦስት ዓመቱ ነው» አሉኝ።

«ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ?»

«መቼ ልንገርህ ልጄ? ተቆጥተህ ትገባለህ፣ ተቆጥተህ ትወጣለህ። ፈራሁህ።»