ለቡ ላይ ያሳጠርኩት መስመር

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። አዲስ አበባ ዳር ያለው ለቡ ገና የሽምብራ ማሳ ነበር። ጤና ጣቢያ ሊሠራበት የታሰበውን መሬት እንዳጠና የተላክሁት እኔ ነኝ። ንዝረት የሚሰሙ ትንንሽ መሣሪያዎች በመስመር መሬት ላይ ይተከላሉ፤ ከዳር መሬቱ በመዶሻ ይመታል፤ ንዝረቱ የሚጓዝበት ፍጥነት ከሥር ያለው ጭቃ ይሁን አለት ይናገራል። ጥልቁን ለማየት መስመሩ መርዘም አለበት። ርዝመቱን የምወስነው እኔ ነበርኩ።

አሳጠርኩት። ለምን? ዝናብ እየመጣ ነበር፤ አዲሱ ጫማዬ ጥቁሩ አፈር ውስጥ እየሰጠመ ነበር። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ቢኖረኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ቢሮ ገብቼ ያላየሁትን ጥልቅ በግምት ሣልኩት።

መሣሪያዎቹን የሚተክለውም መዶሻውን የሚመታውም ጋሽ በቀለ ነበር፤ በሃያ ዓመት የሚበልጠኝ ቴክኒሻን።

«አላጠረም?» አለኝ።

«ይበቃል።»

«እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ» ብሎ መዶሻውን አነሳ።

ጤና ጣቢያው ተሠራ። በሁለተኛው ክረምት አንድ ጎኑ ሰመጠ፤ ግድግዳው ተራ ትጠብቅ የነበረች እናት ላይ ተናደ። እግሯን አጣች። አለቆቻችን ሰብስበው ሲጠይቁን እኔ፣ እኔው ራሴ፣ «መሣሪያዎቹ ጠብቀው አልተተከሉም ነበር» አልኩ። ጋሽ በቀለ ቀና ብሎ አየኝ። በሳምንቱ ከሥራ ተባረረ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ብስራተ ገብርኤል ሰፈር፣ አንድ ግቢ በር ላይ ዘበኛ ሆኖ አገኘሁት።

«ኢንጂነር!» ብሎ ተነሣልኝ። ጤንነቴን ጠየቀ፣ ልጆቼን ጠየቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስቲ ዛሬ እንኳ ንገረኝ» አለ፤ «የትኛውን ነው አላልቼ የተከልኩት? የዚያች ሴትዮ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።»

አምኖኝ ነበር! ሦስት ዓመት ሙሉ ስህተቱን ከገዛ እጁ ላይ ሲፈልግ ኖሯል። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌን ምን ያዘው? ማን ያዘው?

«ተወው ጋሼ፣ ያለፈ ነገር ነው» አልኩት። ይቅር እንዳለ ሰው ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ሄድኩ።

ጋሽ በቀለ ሞቷል። የእኔን ጥፋት የራሱ መስሎት ይዞት ተቀበረ። ይቅር ሊለኝ የሚችለው እሱ ነበር፤ እናንተን አልጠይቅም።