የልጄ ቁንጮ

ልጄ ፀጉሯን የቆረጠችው በጥንት ግብፆች ምክንያት ነው። በእኔም ምክንያት ነው፤ ግን ግብፆቹን ማማት ይቀለኛል።

ያን ሰሞን የአራተኛ ክፍል የታሪክ መጽሐፏ ስለ እነሱ ነበር። ጣሊያንኛ ማንበብ ስለማልችል እሷ ታነብልኛለች፣ እኔ ሥዕል አያለሁ። አንዱ ገጽ ላይ ሰው ሁሉ በየደረጃው ተደርድሯል፤ ንጉሡ ከላይ፣ ቀጥሎ ካህኑና ጸሐፊው፣ ከዚያ ሸክላ ሠሪው፣ ታች ገበሬውና ባሪያው።

«እማዬ፣ እኛ የቱ ጋ ነን?» አለችኝ።

ገጹን ቶሎ ገለጥኩት።

የሚቀጥለው ላይ ልጆች ነበሩ። ራሳቸው ተላጭቶ በቀኝ በኩል አንዲት ጉንጉን ብቻ ተርፋለች፤ እስኪያድጉ እንዲያ ነበሩ አለችኝ። ሳቄ መጣ። እኔም በእሷ ዕድሜ ቁንጮ ነበረኝ። እናቴ በጉልበቶቿ መሀል አስቀምጣ፣ ራሴን በውሃ አርሳ በምላጭ ትላጨኛለች፤ ስወራጭ ጉልበቷን ታጠብቃለች፤ ሲያበቃ ቅቤ ትቀባኛለች። ይህን ሁሉ ነገርኳት። ምነው አፌን በቆረጠው።

ክፍል ውስጥ አወራችው። ልጆቹ «ውሸታም» ብለው ሳቁባት። በማግስቱ ሮም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ከምንከባከባቸው አሮጊት ቤት ስመለስ፣ የልጄ ፀጉር መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተበትኗል። በወጥ ቤት መቀስ ዙሪያውን ከርክማ በቀኝ በኩል አንዲት ቁንጮ አስቀርታለች። ከጆሮዋ በላይ ደም ደርቋል።

አልተቆጣኋትም። ፈራሁ። ትምህርት ቤት የሚለቀው አስር ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ እኔ ቤት የምገባው ከምሽቱ አንድ ሰዓት። ጎረቤታችን ከልጆቿ ጋር አምጥታ በር ላይ ትታት ትሄዳለች፤ ከዚያ ብቻዋን ናት። እዚህ አገር ይህ ያስከስሳል። በፊት በነበርንበት ቤት አብራን ትኖር የነበረችን የአንዲት ሴት ሁለት ልጆች አሲስተንቴ ሶቻሌዎቹ፣ የመንግሥት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞቹ፣ መጥተው ወስደውባታል፤ ብቻቸውን እየተወቻቸው ነው ተብሎ። «እኔ ነኝ የቆረጥኳት» ብል ልጇን የምታቆስል እብድ እባላለሁ። «ራሷ ናት» ብል «አንቺ የት ነበርሽ?» ይመጣል።

ጠዋት ኮፍያ አድርጌላት አደረስኳት። አራት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ተደወለ፤ ነይ ተባልኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሜትሮ ባቡር ውስጥ ፊቴን ያዩ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው አስቀመጡኝ።

ክፍሉ ውስጥ አስተማሪዋና አንዲት የማላውቃት ባለ ማስታወሻ ሴት አሉ። ልጄ በመሀላቸው ተቀምጣለች። አሲስተንቴ ሶቻሌ መሆን አለባት አልኩ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ሴትየዋ ወደ ልጄ ጎንበስ አለች። «እስቲ ንገሪኝ፣ ፀጉርሽን ማነው የቆረጠሽ?»

ምን እንደምትል አልነገርኳትም ነበር። ከፍርሃቴ ብዛት ስለ ነገሩ ከእሷ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

«እማዬ ናት» አለች። «በጉልበቶቿ መሀል አስቀምጣኝ። መጀመሪያ በውሃ አራሰችኝ። ስወራጭ ጉልበቷን አጠበቀች። ስትጨርስ ቅቤ ቀባችኝ።»

«ቅቤ?» አሉ አስተማሪዋ።

«እኛ አገር እንደዚህ ነው። እንደ ግብፆቹ።»

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው ሲኞራ?»

«እውነት ነው» አልኩ።

ሁለተኛ በጥንቃቄ እንድቆርጥ መከረችኝ። ቫ ቤኔ፣ እሺ ይሁን ብላ ማስታወሻዋን ከደነች።

ኮሪደሩ ላይ የልጄን እጅ ያዝኩ። እንደ እኔው እጅ በላብ ርሷል።

«እንዲህ በዪ ያለሽ ማነው?»

«ማንም። ብቻዬን ነበርኩ ካልኩ ይወስዱኛል።»

«ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከድሮው ቤት» አለች።

ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ማታ ማታ በሩን ስከፍት ሮጣ አንገቴ ላይ ስትጠመጠም፣ ናፍቄያት ነው እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።