ሰኞ ይሁን

ቢሮ የሚባል ነገር አልነበረንም። በዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ዐረብ አገር ለሄዱ ልጆች መብት በሚሟገት ትንሽ ድርጅት ስሠራ፣ አለቃዬ አዲስ አበባ ቤቷ፣ አንዷ ባልደረባችን እዚያው ዐረብ አገር፣ እኔ ደግሞ ሰቆጣ በተከራየኋት ክፍል ቁጭ ብለን በስልክ ነበር የምንገናኘው። ሥራችን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ነው፤ ዓርብ ዝግ። የሰፈር ሰው «አንቺማ ተመችቶሻል፣ ዓርቡም በዓል ሆነልሽ!» እያለ ይስቅብኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ እኔም ወድጄው ነበር፣ አልዋሽም። የምንሰማው ሁሉ ልብ የሚያደማ ነው፤ ሰው ማረፍ አለበት።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ባልደረባችን ደወለች። ከሰቆጣ ማዶ ካለው ከጋዝጊብላ ወረዳ ሄዳ ድምፅዋ ጠፍቶ የከረመችው ልጅ ተገኝታለች። ከአሠሪዎቿ ቤት አምልጣ፣ ፖሊስ ይዟት፣ ያለ ፓስፖርት ታስራለች። ወደ አገሯ የሚለቋት ከቤተሰቧ አንድ ሰው በስልክ «ልጄ ናት» ብሎ ካረጋገጠላት ብቻ ነው። አባቷ ሞተዋል፤ ያሉት እናቷ ናቸው።

«ነገውኑ ላስመጣቸው?» አልኋት አለቃዬን።

«ነገ ዓርብ አይደል እንዴ? ሰኞ ይሁን። እረፍትም እኮ መብት ነው።»

ወይ መብት! እርር አልሁ። ግን ስልክ ይዛ እስር ቤት የምትገባው ባልደረባችን ናት፤ እሷም ያለ አለቃዬ ፈቃድ አትንቀሳቀስም። ወደ ጋዝጊብላ የሚመለስ የእናትየዋን ጎረቤት ፈልጌ ላክሁት። በእኛ አገር መርዶ በድንገት አይነገርም፤ መጀመሪያ «ትንሽ አሟት ነበር» ይባላል፣ «አሁን ደህና ናት» ይባላል፣ እውነቱ የሚወጣው ዘመድ ተሰብስቦ ነው። እንዳይደነግጡ ብዬ ምንም ሳላድበሰብስ ነገርሁት፣ አስደገምሁትም። «ልጅዎ በሕይወት አለች፣ ደህና ናት፣ ሰኞ በስልክ ታናግርዎታለች በላቸው።»

ሰውየው አንዲት ቃል አላጎደለም። ያንን ሁሉ መንገድ በእግሩ ሄዶ «በሕይወት አለች» ሲላቸው ግን እናትየዋ ማባበያ መሰላቸው። ቆሞ ስለሚሄድ ሰው እንዲህ ተብሎ ተልኮ ያውቃል? ጮኹ። ቀዬው ተሰበሰበ። ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ሲለቀስ ሰነበተ። እኔ ሰቆጣ ልብሴን አጥባለሁ፤ የሰማሁት ነገር የለም።

ሰኞ ጠዋት እናትየዋ ጸጉራቸውን ተላጭተው፣ ፊታቸውን ነጭተው፣ በወንድማቸው ተደግፈው ደጄ ላይ ቆሙ።

«አስከሬኗን ስጪኝ» አሉ።

«ኧረ በእመቤታችን! አለች እኮ እናቴ! አሁን ትደውላለች።»

«ተይ ልጄ። ለቅሶዬን አውጥቻለሁ፤ አታባብይኝ።»

ስልኩ ጮኸ። ባልደረባችን የእስር ቤቱ ሹም አጠገቧ መሆኑን ነገረችኝና ለልጅቱ አቀበለቻት። መነጋገሪያውን እናትየዋ ጆሮ ላይ ያዝሁላቸው። «እማ! እማዬ!» የሚል የሻከረ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል። ከዚያ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣንጋ ብዙ አወራቻቸው። እንባቸው እየወረደ ሰሟት።

«ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም» አሉ፣ በአማርኛ። «የሰው ልጅ አምጥታችሁ አትቀልዱብኝ።» መነጋገሪያውን ወደ እኔ ገፉት። ወንድማቸው ይንሰቀሰቃል።

ልጅቱ ገና መስመሩ ላይ ነበረች። «እህቴ፣ ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት?» አለችኝ። «ከቤታችን ማን ሞቶ ነው?»

ሳልመልስላት ባልደረባችን ተቀበለቻት። «ልጃቸው ናት! ሐዘን ላይ ሆነው ነው!» እያልሁ ጮኽሁ። ሹሙ እናትየዋ ያሉትን በአስተርጓሚ ሰምቶ ነበር፤ እሷም ለመነችው። እናት ካላወቀቻት አለቀ ብሎ ልጅቱን ወደ እስር ክፍሏ መለሳት።

በማግስቱ እናትየዋ ብቻቸውን መጡ።

«እሷ ናት» አሉ። «ገና እማ ስትለኝ አውቄያታለሁ። ፈርቼ ነው። አለች ብዬ ተቀብዬ ኋላ ሞተች ብትሉኝ፣ ሁለተኛ የማለቅስበት አቅም ከየት አመጣለሁ? እባክሽ ደውይልኝ።»

ከጠዋት ጀምሮ ስደውል ነበር። ልጅቱን ከዚያ እስር ቤት ወስደዋታል፤ ወዴት እንደሆነ የሚናገር አልተገኘም። ይህንኑ ሳልሸፋፍን ነገርኋቸው።

«እማ እያለችኝ ልጄ አይደለሽም አልኋት» አሉና መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ።

ልጅቱ እስከ ዛሬ አልተገኘችም።